ሳንክሽን ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ፤ የቻይና ተማሪዎችን ስለሚያስቸግረው ፍችው

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ሳንክሽን የሚባል ግሥ አለ። ይህ ግሥ በቤትና በገበያ ንግግር እምብዛም አይሰማም፤ የሚገኘው በፍርድ ቤት ጽሕፈት፥ በመንግሥት ደብዳቤና በጋዜጣ ነው። ፍችው ሁለት ነው፤ አንደኛው መፍቀድና ማጽደቅ፥ ሁለተኛው መቅጣት። እነዚህም እርስ በርሳቸው ተቃራኒዎች ስለ ሆኑ እንግሊዝኛ የሚማሩትን ቻይኖች እጅግ ያስቸግሯቸዋል።

ቻይኖች ለሁለቱ ነገር ልዩ ልዩ ቃል አላቸውና። ሹም የቀረበለትን ጽሕፈት ተመልክቶ ሲፈቅድ ፒጁን ይሉታል፤ በሕግ ኀይል መቅጣትን ግን ጅጻይ ይሉታል። የዚህ የኋለኛው ቃል ሁለተኛ ፊደል ለብቻው ልብስ መቍረጥ ማለት ነውና፥ ከፊተኛው ጋራ የሚያምታታ ነገር የለውም። ተማሪው በጋዜጣ አዘውትሮ የሚያገኘው የቅጣቱን ፍች ስለ ሆነ፥ ግሡን ባየ ቍጥር ቅጣት ይመስለዋል። በሕንድ አገር ያሉ ባንኮች ግን ብድር ተፈቀደ ሲሉ በዚሁ ግሥ ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው የቻይና ነጋዴ ደስ ሊለው ሲገባ ይደነግጣል።

የነገሩ ሥር በላቲን ነው። በሮማውያን ዘንድ ቃሉ ሕግን ቅዱስና የማይደፈር አድርጎ ማጽናት ነበረ፤ ሕጉን የጣሰ የሚቀጣበትም አንቀጽ በዚሁ ስም ተጠራ። እንግሊዞች ግሡን ለማጽደቅ የጻፉት በ18ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፥ ለመቅጣት መጻፋቸው የ20ኛው መቶ ዓመት ነገር ነው። ስሙ ግን ግሡን ቀደመው፤ ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በኅዳር 1928 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር የጣለባት የንግድ እገዳ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ነዳጅ ዘይት ከእገዳው ውጭ ቀርቶ፥ በሐምሌም ነገሩ ሁሉ ስለ ተነሣ፥ ስሙ ከሥራው ይልቅ ከባድ ነበረ።

እኛ ፈረደለትና ፈረደበት ስንል፥ ግሡ አንድ ሲሆን መድረሻው ጥቅሙንና ጉዳቱን ይለያል። የእንግሊዝኛው ግሥ ግን እንዲህ ያለ መለያ የለውም። ስለዚህ መምህሩ ተማሪውን ከግሡ በኋላ የሚመጣውን እንዲመለከት ያስተምረው። የሚከተለው ውል፥ ክፍያ ወይም አሳብ እንደ ሆነ ጸደቀ ማለት ነው፤ ሰው፥ ኩባንያ ወይም መንግሥት እንደ ሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣ ማለት ነው። ስሙም በብዙ ቍጥር ሲጻፍ ዘወትር ለማለት ያህል ቅጣት ነው። ተማሪው ራሱ ሲጽፍ ግን፥ ይህን ግሥ ትቶ አጸደቀ ወይም ቀጣ የሚሉትን ግልጥ የእንግሊዝኛ ቃሎች ቢወስድ ይሻለዋል።