ኮከቡ ሲሄድ ደጋፊው ማንን ይከሳል?

ስፖርት ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥሎ የሚገኝ ነገር አለመሆኑ በየመድረኩ ይነገራል። ይህ ሐቅ ፍንትው ብሎ የሚታየው ግን ስመ ጥር የሆነ ስፖርተኛ ያሳደገውን አካባቢ፣ የተሰለፈለትን ቡድን ወይም የተወለደበትን አገር ትቶ የሄደ ዕለት ነው። በድል ጊዜ ሁሉም በአንድነት ያጨበጭባል። በመለየት ጊዜ ግን በደጋፊው ኅሊና ውስጥ ተዳፍኖ የቆየው ጥያቄ ሁሉ አመዱን ገልጦ ይወጣል። ይህ ሰው የማን ነበር? ማን አሳደገው? ለማንስ ሮጠ? ከሁሉም በላይ፣ ሊወቀስ የሚገባው የሄደው ሰው ነው ወይስ እንዲሄድ ያስገደደው ሁኔታ?

ሠርቶ አደሩ በምሣ ሰዓት፣ የቀበሌው ነዋሪ በዕድር ድንኳን ሥር በዚህ ጉዳይ ሲከራከር ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ክርክሩ አዘውትሮ የሚቋጨው «ገንዘብ አታለለው» ወይም «ውለታ ቢስ ነው» በሚል አጭር ፍርድ ነው። እኛ ግን ፍርዱን ለጊዜው አቆይተን፣ ከአዲስ ዓለም ተነሥቶ በጊንጪና በአምቦ በኩል ወደ ጉደር የሚዘልቀውን የምዕራብ ሸዋ መንገድ ይዘን ነገሩን ማጤን መርጠናል። ምክንያቱም የዚህ አካባቢ ሕዝብ ኮከቡ በተለየው ጊዜ ያደረበት ስሜት ከተለመደው የደጋፊ ቁጣ ፍጹም የተለየ ነበር።

የምንናገረው ስለ አትሌት ፈይሳ ሌሊሳ ነው። ፈይሳ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋማው የጀልዱ ወረዳ በ1982 ዓ.ም. ተወለደ። ገና በ20 ዓመቱ በሮተርዳም ማራቶን 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ በመሮጥ ስሙን አስጠራ፤ በ2003 ዓ.ም. በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የቶኪዮ ማራቶንን አሸነፈ። የአምቦ አካባቢ ሕዝብ በሩጫ ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። የአምቦው ተወላጅ ፊጣ ባይሳ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ5,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ማግኘቱን የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው።

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጄኔሮ የማራቶን ውድድር ፈይሳ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ኬንያዊውን ኤሊዩድ ኪፕቾጌን ተከትሎ ገባ። ኢትዮጵያ በወንዶች የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅም ነሐስም ታውቅ ነበር፤ ብር ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሆኖም በዚያን ዕለት ስለ ሜዳሊያው ቀለም የተነጋገረ ሰው ጥቂት ነው። ሯጩ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ አጣመራቸው። ቀጥሎም ለጋዜጠኞች ምልክቱ ለሕዝቡ ተቃውሞ ያለውን ድጋፍ የገለጸበት መሆኑንና ወደ አገሩ ቢመለስ ሞት ወይም እስራት እንደሚያሰጋው ተናገረ። የወቅቱ የመንግሥት ቃል አቀባይ ሲመለስ የጀግና አቀባበል ይጠብቀዋል ቢሉም፣ የቡድኑ ጓደኞቹ ሲመለሱ እርሱ ቀረ። በቀጥታ ሥርጭት የታየው ያ ምስልም በመንግሥት ቴሌቪዥን የኋላ ዜናዎች ላይ ሳይደገም ቀረ።

እንግዲህ ልብ እንበል። አንድ የብሔራዊ ቡድን ኮከብ አረንጓዴውን ማልያ ለብሶ ሄዶ በባዕድ አገር ቀረ። በተለመደው የደጋፊ ሕግ ከሄድን፣ በትውልድ አካባቢው ሊጠብቀው የሚገባው እርግማን ነበር።

የተለመደው ሕግ ምን እንደሚመስል ለማየት ከስድስት ዓመት በፊት በሰሜን አሜሪካ የሆነውን መመልከት ይበቃል። ሐምሌ 1 ቀን 2002 ዓ.ም. የቅርጫት ኳሱ ኮከብ ሌብሮን ጄምስ የክሊቭላንድን ቡድን ትቶ ወደ ማያሚ መሄዱን በቴሌቪዥን ፊት አስታወቀ። ሌብሮን የተወለደው ለክሊቭላንድ ቅርብ በሆነችው በአክረን ከተማ ስለሆነ፣ ደጋፊው የሚመለከተው እንደ ተቀጣሪ ተጫዋች ሳይሆን እንደ ቤቱ ልጅ ነበር። በዚያው ምሽት ማልያው በአደባባይ ተቃጠለ። የቡድኑ ባለቤት የሆነው ከበርቴም ልጁን በከሐዲነት የሚወነጅል ደብዳቤ ለሕዝብ አሠራጨ። ይህን ደብዳቤ በጥሞና ያነበበ ሰው ከቁጣው ሥር የተደበቀውን ነገር አይስተውም። ለዓመታት በዚያ ወጣት ጉልበት ትኬትና ማስታወቂያ ሲሸጥ የኖረ ባለሀብት፣ ወጣቱ በሥራ ገበያው ላይ ባለው መብት ሲጠቀም እምነት ጎደለ ብሎ ጮኸ፤ ደጋፊውም ኪሱ ሳይነካ የባለሀብቱን ጩኸት ተቀብሎ አስተጋባ። ደጋፊው ማዘኑ አግባብ ነው፤ ዝናቡንና ብርዱን ችሎ ከቡድኑ ጋር የኖረ እርሱ ነውና። ነገር ግን ኀዘኑን ያወራረደው ፊቱን በሚያውቀው፣ ስሙና ቁጥሩ በጀርባው ላይ በተጻፈው ሰው ላይ ብቻ ነበር።

ጀልዱና አምቦ ግን ማልያ አላቃጠሉም። ፈይሳ በሄደበት ሰሞን በአካባቢው ወጣቶች ዘንድ ጀግና ተባለ። በውጭ አገር የሚኖሩ ደጋፊዎቹም 10,000 ዶላር ለማሰባሰብ አስበው የጀመሩት መዋጮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100,000 ዶላር በላይ ደረሰ።

ለዚህ ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ጊንጪ መመለስ ያስፈልጋል። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ከተማ ተማሪዎች ለተቃውሞ የወጡበት ምክንያት አካባቢውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ለባለሀብት ሊሰጡ ከታሰቡት ቦታዎች መካከል የደን መሬትና ወጣቶች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ይገኙ ነበር። ለከተማ ሰው አንድ ሜዳ ጎል የተተከለበት ባዶ ቦታ ነው። ለትንሽ ከተማ ወጣት ግን ክበቡም፣ መዝናኛውም፣ ተስፋውም እርሱ ነው፤ ሌላ የለውም። ከዚያች ሜዳ የተነሣው ተቃውሞ በወራት ውስጥ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ብዙ ሕይወትም ተቀጠፈ። የተጣመሩት እጆች የዚያ ተቃውሞ ምልክት ነበሩ። ስለዚህ ፈይሳ በሪዮ እጆቹን ሲያጣምር የጊንጪ ወጣት ያየው ትቶት የሚሄድ ኮከብ አልነበረም፤ በራሱ ሜዳ ላይ የተጀመረው ጉዳይ በዓለም ፊት ሲቆም ነበር። ጥያቄውን ይዞለት የሄደውን ሰው «ትቶን ሄደ» ሊል አይችልም።

በዚህ አኳያ ምዕራብ ሸዋ ከክሊቭላንድ የተሻለ ንቃት ነበረው ብንል አልተጋነነም። ወቀሳው ወደ ሯጩ ሳይሆን መመለሻውን አስፈሪ ወዳደረገው ሁኔታ ዞሯል።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ደጋፊ በአንድ ዓይን አላየውም። በሌላው የአገሪቱ ክፍልና በውጭም ያሉ ብዙ ቅን ሰዎች ማዘናቸውን ሰምተናል፤ ከማራቶን መስመር በኋላ ባንዲራ ማየት የለመደ ዓይን ሌላ ምልክት ሲያይ ግራ መጋባቱ አይደንቅም። «ስፖርትና ፖለቲካ ለየብቻ ናቸው» የሚለውም ክርክር ያኔ ተነሥቷል። የዚህ ክርክር ደካማነት ያለው ሁልጊዜ ለአንድ ወገን ብቻ መሥራቱ ላይ ነው። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማሞ ወልዴ ማራቶንን ባሸነፈበት ውድድር፣ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የተባሉት ጥቁር አሜሪካውያን ሯጮች የተጨበጠ እጃቸውን አንሥተው ስለ ወገኖቻቸው መብት በመቆማቸው ከውድድሩ መንደር ተባረሩ፤ አገራቸው ሲገቡም የገጠማቸው ስድብና ሥራ ማጣት ነበር። መንግሥታት በሜዳሊያ ሲኮሩ ግን ፖለቲካ ነው ያላቸው የለም።

የሪዮው ምልክት በአገር ውስጥ ብዙም ሳይቆይ የሕግ ጉዳይ ሆነ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ መመሪያ፣ እጅን ከራስ በላይ ማጣመር ከተከለከሉት ድርጊቶች አንዱ ሆነ። በዓለም የስፖርት ታሪክ ደጋፊ የኮከቡን እንቅስቃሴ በመድገሙ በአዋጅ የሚጠየቅበት አጋጣሚ ብዙ አይመስለንም።

ከፖለቲካው ወጣ ብለን ደግሞ የኑሮውን መሠረት እንይ። አንድ የገጠር ወጣት በሩጫ ጥሩ ሆኖ ሲገኝ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ አዲስ አበባ ክለቦች ይወሰዳል። ደመወዝም፣ መኝታም፣ አሠልጣኝም ያለው እዚያ ነው። ምዕራብ ሸዋ በዚህ ጉዳይ ሰጪ ብቻ እንዳልነበረ ማስታወስ ያሻል፤ በአዳበርጋ የሚገኘው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ የስፖርት ክለብ የበቆጂውን ልጅ ቀነኒሳ በቀለን ማልያውን አልብሶ አሰልፎታል። በዚያን ጊዜ «በቆጂ ልጇን አጣች» ብሎ ያዘነ የሙገር ደጋፊ መኖሩን እንጠራጠራለን። ሲወሰድብን እንጮኻለን፤ ሲመጣልን እናጨበጭባለን።

በእግር ኳስ ዘንድ ቢያንስ አንድ ደንብ አለ። አንድ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዛወር፣ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች እንዲከፋፈል ፊፋ ይደነግጋል። በሩጫ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሯጩ በሚሮጥበት ዳገት ዳር ያደገው መንደር፣ ጫማ የገዛለት ቤተሰብ፣ ከእርሻ ሥራ ነፃ ያደረገው ወንድም በየትኛውም ውል ላይ አይጠቀሱም። የዓለም የአትሌቲክስ አካል በ2009 ዓ.ም. የዜግነት ዝውውርን ለጊዜው ያገደውና በኋላም የሦስት ዓመት የመቆያ ጊዜ የደነገገው ለሀብታም አገሮች የሚደረገው ሽያጭ ስላሳሰበው ነው፤ ለአሳዳጊው መንደር የሚደርስ ነገር ግን በዚያም ውስጥ አልተካተተም።

የዚህ ጉዳይ ሌላው ገጽ በፓሪስ ታየ። ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በሴቶች ማራቶን በ15 ዓመቷ ከአገር የወጣችው ሲፋን ሐሰን ለኔዘርላንድ ሮጣ ትዕግሥት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀደመች። በመጨረሻው ሜትር ሁለቱ ተጋጩ፤ የኢትዮጵያ ወገን ያቀረበው ክስም ውድቅ ሆነ። በዚያች እሑድ ብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ ደስታና ንዴት በአንድ ወንበር ተቀመጡ። በስደት ለወጣች ልጅ ግን ቁጣው የት ይላክ? ማልያዋ ብርቱካናማ ነው፤ ያወጣት ምክንያት ግን ማልያ የለውም።

ፈይሳ በስደት ሳለ መሮጡን አላቆመም፤ በ2009 ዓ.ም. የኒው ዮርክን የግማሽ ማራቶን አሸንፏል። ያን ዓመት ክረምት በለንደን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ግን ለአገሩ አልተሰለፈም፤ በዚያ ማራቶን ታምራት ቶላ የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ እርሱ በሌላ አገር ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ሌብሮን ጄምስ ክሊቭላንድን ለሁለተኛ ጊዜ ትቶ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። በ2006 ዓ.ም. ወደዚያው ቡድን ተመልሶ፣ ከተማይቱ 52 ዓመት የጠበቀችውን ዋንጫ በ2008 ዓ.ም. አስገኝቶ ነበርና በዚህ ጊዜ ማልያ አልተቃጠለም፤ በተቃራኒ ቡድን ማልያ ሲመጣ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ኮሚቴና የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፈይሳ እንዲመለስ ጥሪ አደረጉ። ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ባለሥልጣናትና የስፖርት መሪዎች ቆመው ተቀበሉት። ከሁለት ዓመት በፊት ምልክቱን በአደባባይ ያሳየ የአምቦ ወጣት በአዋጅ ይጠየቅ ነበር። ፈይሳ ሲሄድ 26 ዓመቱ ነበር፤ ሲመለስ 28 ሞልቶታል፤ ለማራቶን ሯጭ እነዚህ ዓመታት ጉልበት የሚበስልባቸው ናቸው፤ በእነርሱ ውስጥ ግን አረንጓዴውን ማልያ አንድም ቀን አልለበሰም።