ተማሪዎቻችን ለሥራ ልምምድ ሲያመለክቱ ከሰበካ ጉባኤ ምን ይጠበቃል?

በሐሙሲትና በወረታ ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች ስንዘዋወር ከሰበካ ጉባኤ አባላት ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። ዩኒቨርሲቲ የገባው የአጥቢያው ልጅ «ልምምድ የምትሠራበትን ቦታ ፈልግ ተብያለሁ» ብሎ ይመጣል፤ ቤተሰቡ ግን በከተማ መሥሪያ ቤቶች የሚያውቀው ሰው የለውም። ልጁ የትብብር ደብዳቤውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል፤ ቀኑ ሲያልቅበትም ማኅተም ብቻ ወደሚመታለት ቦታ ይገባል። ሥራ ሳያይ የሥራ ሪፖርት ይጽፋል ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለባቸው፣ ልምምዱን ከጥናት ጊዜያቸው የሚቀነስ አድርገው የሚቆጥሩ ተማሪዎችም ያጋጥሙናል። ፈተናውን ማለፍ ግድ ነው፤ ነገር ግን ቀጣሪው «ምን ሠርተህ ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚገኘው ከልምምዱ ነው።

ነገሩ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» በሚል መርሐ ግብር ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄደ ያገለግል ነበር፤ የሚበዙትም በመምህርነት ይመደቡ ነበር። በአሜሪካ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ መምህር ኸርማን ሽናይደር ትምህርትንና የፋብሪካ ሥራን እያፈራረቀ የሚያስኬድ ሥርዓት በ1906 እ.ኤ.አ. ጀምረዋል፤ በእንግሊዝም ብዙ ተማሪዎች ከመጨረሻው ዓመት በፊት ሙሉ ዓመት በሥራ ላይ ያሳልፋሉ። በእኛ ዘንድ ዛሬ ጊዜው አጭር ነው፤ ለምሕንድስና ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ መንፈቀ ዓመት ሲሆን ለሌሎች ከዚያም ያንሳል። ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው፤ የያኔውን ተማሪ የሚመድበው ዩኒቨርሲቲው ነበር፤ የዛሬው ግን ብዙ ጊዜ ቦታውን የሚፈልገው ራሱ ነው። ስለዚህ ማመልከትንና ቃለ መጠይቅን ማወቅ አለበት።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ማንንም ስለማይመለከት መዝገብ ቤት ይቀራል፤ የመሥሪያ ቤቱና የክፍሉ ስም ይጻፍበት። ተማሪው የሚማረውን የትምህርት ዓይነት፣ ልምምዱ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን፣ በየትኛው ክፍል ለመሥራት እንደሚፈልግና ለምን እንደሆነ ይግለጽ። ከዩኒቨርሲቲው የተሰጠውን የትብብር ደብዳቤ፣ የውጤት መግለጫና አጭር የሕይወት ታሪክ ያያይዝ። ቢቻል ከሁለት ወር በፊት ለሦስት ወይም ለአራት ቦታ ያስገባ። ሁሉም ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይሁን የሚለው አሳብ ግን አያስማማንም፤ በተለይ መንገድ አስተማማኝ በማይሆንበት ጊዜ። ወረታ ላይ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ በዋናው መንገድ ዳር የሩዝ መፈልፈያዎች አሉ፤ የወረዳ ግብርና፣ ውኃና መንገድ ጽሕፈት ቤቶች፣ ዩኒየኖችና የጤና ተቋማትም አሉ።

ሰበካ ጉባኤው የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅ «ጨዋና ታታሪ ልጅ ነው» ብሎ ማኅተም ማድረግ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለሁሉ ስለሚጻፍ ለማንም አይጠቅምም። «የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሒሳብ ሁለት ዓመት ይዞ በወቅቱ አስመርምሯል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይሻላል፤ እውነት እስከ ሆነ ድረስ። የማያውቁትን ማመስገን በሐሰት መመስከር ነውና ካህናት አባቶች ይጠንቀቁ።

ልጆቻችን ይበልጥ የሚሰናከሉት በቃለ መጠይቁ ነው። በአስተዳደጋችን ስለ ራስ መናገር ነውር ነው፤ ታላቅን ትኩር ብሎ ማየትም እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ስለዚህ ጠያቂው «ልምድ አለህ?» ሲል ልጁ አንገቱን ደፍቶ «የለኝም» ይላል። ይኸው ልጅ ግን በየበጋው ከጉማራ ወንዝ ውኃ የሚስበውን የአባቱን ሞተር ሲበላሽ ፈትቶ ይገጥማል፤ የሽንኩርቱንም ወጪና ገቢ በደብተር የሚይዘው እርሱ ነው። ይህን መናገር ትዕቢት አይደለም፤ ትዕቢት የሚሆነው ያልሠራውን ሠራሁ ሲል ነው። ስለ መክሊት የተነገረውን ምሳሌ የምናስተምር ሁሉ ይህን ለይተን ልናስረዳቸው ይገባል።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ራሱ ጥሩ አብነት ነው። ድጓ ፍለጋ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፍለጋ ወደ ዙር አባ የሚሄድ ደቀ መዝሙር ሲደርስ ይጠየቃል፤ ከማን ተማርህ? የት ደረስህ? እስኪ አሰማ። እርሱም የደረሰበትን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያሰማል። የመሥሪያ ቤት ጠያቂም ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አይጠይቅም። «ለምን እኛን መረጥህ?» ለሚለው «ሌላ ቦታ ስላጣሁ» ከማለት ይልቅ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ አስቀድሞ አጥንቶ መምጣት ነው። የማያውቁትን ሲጠየቁ «አላውቅም፤ ግን እንዲህ ብዬ እጀምር ነበር» ማለት ያስከብራል። አንዳንድ ድርጅቶች በእንግሊዝኛ ስለሚጠይቁ፣ በአጥቢያው ያለ መምህር ወይም ባለሙያ ልጁን ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢያለማምደው ወጪ የለውም። ተማሪውም በተራው «የሚከታተለኝ ማን ነው? በየሳምንቱ የምሠራው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ማኅተም ብቻ የሚመታበት ቦታ የሚታወቀው በዚህ ነው።

አጥቢያውም ራሱ ተማሪ ሊቀበል ይችላል። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ያደረጉት ምርምር እነዚህ ደኖች የሀገር በቀል ዛፎች መጠጊያ መሆናቸውን አሳይቷል። የደን ተማሪ ዛፉን በየዓይነቱ ቢመዘግብ፣ የሒሳብ ተማሪ የሙዳየ ምጽዋቱን መዝገብ ቢያደራጅ፣ የምሕንድስና ተማሪ የጣራውን ፍሳሽ ለክቶ ንድፍ ቢሠራ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ንዋያተ ቅድሳትን መመዝገብ ግን ያለ ሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ለተማሪ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። ተቀባዩ ሰበካ ጉባኤ አንድ ኃላፊ ይመድብ፤ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ይያዝ፤ ግምገማውም ለሥራው እንጂ ለዝምድናው አይሞላ።

የመጨረሻው ጉዳይ ማደሪያ ነው። ቦታውን አግኝተው በቤት ኪራይ ምክንያት የሚተዉ አሉ፤ ይህ በሴቶች ልጆች ላይ ይበረታል። ተማሪዋ የምትሄድበት ከተማ ላለው አጥቢያ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ወይም ጸሐፊው አስቀድሞ ይጻፍ፤ የታመነ ቤተሰብ እንዲፈለግላት ይጠይቅ። ደብዳቤው ከመነሻዋ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መድረሱ በስልክ ይረጋገጥ፤ የምታርፍበት ቤት ስምና ስልክ በደብሩ ጽሕፈት ቤት እንዲሁም በወላጆቿ እጅ ይቀመጥ።