ስለማይቋረጥ ግንኙነትና ስለ ሰርቨሩ ደጃፍ አጭር መግለጫ

በወግዲ የሚኖር አንድ ተማሪ መካነ ሰላም ካለው መምህሩ ጋር በአንድ የመወያያ ገጽ ይጻጻፋል እንበል። ገጹ ደኅና ይከፈታል፤ የላከው ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ተማሪው ኔትወርኩንና ተራራውን ይወቅሳል። ነገር ግን ጥፋቱ ከመንገዱ ሳይሆን ከሰርቨሩ ደጃፍ ሊሆን ይችላልና፣ ይህ እንዴት እንደሚሆን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ተራው የድረ ገጽ አሠራር፣ ማለት ኤችቲቲፒ፣ እንደ ደብዳቤ ነው፤ ጠያቂው ይልካል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ጉዳዩም በዚያው ያበቃል። ደንቡ በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዌብሶኬት ግን እንደ ስልክ ነው፤ መስመሩ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ሁለቱም ወገኖች በፈለጉ ጊዜ ይናገራሉ። አጀማመሩ በኤችቲቲፒ ነው፤ ጠያቂው «አፕግሬድ» የሚል ራስጌ ይልካል፣ ሰርቨሩም ከተስማማ በቁጥር 101 ይመልስለታል።

ብዙ ጊዜ ግን በመካከል እንደ ኤንጂንኤክስ ያለ ሌላ ሰርቨር ይቆማል። እርሱም እንደ ጥንቱ እልፍኝ አስከልካይ እንግዳውን በደጅ ተቀብሎ ጉዳዩን ወደ ውስጥ ያደርሳል። «አፕግሬድ» እና «ኮኔክሽን» የተባሉት ራስጌዎች በደንቡ መሠረት እስከ ደጁ ብቻ የሚደርሱ ስለሆኑ፣ ካልታዘዘ በቀር አያሳልፋቸውም። ስለዚህ የውስጡ ፕሮግራም ተራ ጥያቄ የመጣ ይመስለዋል፤ መስመሩም ሳይከፈት ይቀራል።

መፍትሔው ሦስት ትእዛዝ ነው። አንደኛ፣ ወደ ውስጥ የሚነጋገረው በኤችቲቲፒ 1.1 እንዲሆን መጻፍ ነው፤ ኤንጂንኤክስ ለብዙ ዓመታት ካልታዘዘ በ1.0 ይነጋገር ነበርና። ሁለተኛ፣ ሁለቱን ራስጌዎች በግልጽ እንዲያሳልፍ ማዘዝ ነው፤ ይህም በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከወጣው ከቅጂ 1.3.13 ጀምሮ ይቻላል። ሦስተኛው የጊዜ ገደቡ ነው። ካልተለወጠ በቀር ከውስጥ በኩል ለ60 ሰከንድ ምንም ካልመጣ መስመሩ ይዘጋል፤ ተማሪው መልሱን እያሰበ ሳለ ተቆረጠበት ማለት ነው። ገደቡን ማስረዘም ይቻላል፤ የሚሻለው ግን የውስጡ ፕሮግራም በየ30 ሰከንዱ «ፒንግ» እንዲልክ ማድረግ ነው፤ ይህ መስመሩን ከማቆየቱም በላይ የሞተውን መስመር ያሳውቃልና።

ጥፋቱን ለመለየት የብራውዘሩን የኔትወርክ መመልከቻ መክፈት ይበቃል። 101 ካልታየ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትእዛዞች መመርመር ነው፤ 101 ታይቶ መስመሩ ከደቂቃ በኋላ ከተቆረጠ ሦስተኛውን። ርቀቱን ማሳጠር አንችልም፤ የደጁን ትእዛዝ ግን በጥቂት መስመር ማቃናት እንችላለን።