ሞገድ በመስታወት ገንዳ ውስጥ

ጠንካራ ኮራል ለዓይን ድንጋይ ነው፤ ሲዳስሱትም ድንጋይ ነው። በድንጋዩ ላይ እንደ ስስ ቆዳ ተለጥፎ የሚኖረው ግን እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉት ጥቃቅን አካላቱ አፍና በአፉ ዙሪያ የተደረደሩ ቀጫጭን ክንዶች አሏቸው፤ ልብ የላቸውም፣ የዓሣ ዓይነት ስንጥብም የላቸውም። ምግብ ፍለጋ አይሄዱም። ኦክስጅኑንና ተንሳፋፊ ደቂቅ ነፍሳቱን የሚያመጣላቸው፣ ቆሻሻቸውን ጠርጎ የሚወስድላቸው ውኃው ነው። ስለዚህ ኮራልን በቤቱ ለማኖር የሚነሳ ሰው፣ ለመብራቱና ለጨዉ የሚጨነቀውን ያህል ለውኃው እንቅስቃሴም መጨነቅ አለበት።

ነገሩ ከውኃው ጠባይ ይጀምራል። በጠጣር ነገር ላይ የሚያልፍ ውኃ እዚያው በሚነካው ቦታ ላይ ይዘገያል። በኮራሉ ቆዳ ላይም ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ጀምሮ እስከ ጥቂት ሚሊሜትር የሚደርስ፣ እምብዛም የማይንቀሳቀስ የውኃ ሽፋን ይፈጠራል። ወደ ኮራሉ የሚገባውም ከኮራሉ የሚወጣውም ይህን ሽፋን ሰርጎ ማለፍ ግድ ይለዋል። ቀን ቀን በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች በብርሃን ምግብ ሲሠሩ ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ ውኃው ከቆመ ኦክስጅኑ ከልክ በላይ ተጠራቅሞ መልሶ ሥራቸውን ያዳክመዋል። ሌሊት ደግሞ አልጌዎቹ ማምረት ያቆማሉ፣ ሁሉም ይተነፍሳል፤ በቆመ ውኃ ውስጥ በኮራሉ ቆዳ ላይ ያለው ኦክስጅን ወደ ዜሮ ይወርዳል። የውኃ እንቅስቃሴ ያንን ሽፋን ያሳሳዋል፤ ዋና ጥቅሙም ይኸው ነው።

ይህን በባሕሩ ውስጥ ለክተው ካሳዩት መካከል በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኤላት የሠሩ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ፍሰት ሲበረታ ኦክስጅኑ ከኮራሉ ሥጋ ቶሎ እንደሚወጣና የአልጌዎቹ ምግብ የመሥራት አቅም እንደሚጨምር አሳይቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሄቴሮክሲኒያ የተባለውን የቀይ ባሕር ለስላሳ ኮራል አጠኑ። ይህ ፍጥረት ክንዶቹን ከሞላ ጎደል ሳያቋርጥ እየከፈተና እየጨበጠ በዙሪያው ያለውን ውኃ ራሱ ያንቀሳቅሳል። ለዚህ ብዙ ጉልበት ያፈሳል፤ በምላሹ የሚያገኘው ምግብ ግን ልፋቱን ያካክሳል።

በተፈጥሮ የኮራል አለት (ሪፍ) ላይ ውኃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይነጉድም። ማዕበሉ ይገፋዋል፣ ይመልሰዋል፣ ከድንጋዩ ጋር አጋጭቶ ያሽከረክረዋል። በአንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ቀጥ ያለ ቀጭን ጅረት የሚተፋ ፓምፕ ግን በገንዳው ውስጥ ወንዝ ይሠራል። በጅረቱ ፊት የቆመው ኮራል ሥጋው እየተላጠ አጥንቱ ይገለጣል፤ ከጀርባው በኩል ደግሞ ደለል ይጠራቀማል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ከውኃው ብዛት ይልቅ የአቅጣጫው መለዋወጥ ይበልጣል።

ለዚህ ከተፈለሰፉት ዘዴዎች ቀላሉ በሆኖሉሉ የዋይኪኪ አኳሪየም ዳይሬክተር በነበረው በብሩስ ካርልሰን ስም ይጠራል። ከገንዳው በላይ አንድ ትልቅ ባልዲ ይሰቀላል፤ ትንሽ ፓምፕ ቀስ እያለ ይሞላዋል። ከባልዲው ውስጥ የሚነሳ ሰፊ ቱቦ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ታጥፎ፣ ወደ ገንዳው ይወርዳል። ውኃው ከእጥፋቱ በላይ እስኪደርስ ምንም አይሆንም። እጥፋቱን ያለፈ እንደሆነ ግን፣ ከበርሜል ነዳጅ በጎማ ሲሳብ እንደሚሆነው፣ ቱቦው በራሱ ይስብና ባልዲውን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ገንዳው ላይ ይገለብጠዋል። ባልዲው ሲጎድል አየር ይገባል፣ ስበቱ ይቋረጣል፣ መሞላቱ እንደገና ይጀምራል። ከፓምፑ በቀር የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ይጮኻል፣ አረፋ ይነዛል፣ ጨዋማ ውኃ ይረጫል፣ የገንዳውም ውኃ ከፍ ዝቅ ስለሚል ለዚያ የሚሆን ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑ ቱንዘ ኩባንያ ያወጣቸው ዓይነት የፕሮፔለር ፓምፖች የቤት ገንዳን መልክ ለወጡት። የቀድሞዎቹ ፓምፖች ውኃውን በጠባብ አፍ አፍነው ይተፉት ነበር፤ ፕሮፔለሩ ግን ሰፊ የውኃ ጅረት በዝግታና በጥቂት ኤሌክትሪክ ያንቀሳቅሳል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከመስታወቱ ውጭ፣ ፕሮፔለሩ ከውስጥ ሆነው በማግኔት የሚያያዙባቸው ፓምፖች መጡ። ሞተሩ ውጭ በመሆኑ ሙቀቱ በአመዛኙ ወደ ውኃው አይገባም፣ በውኃው ውስጥም የኤሌክትሪክ ገመድ አይኖርም።

ዛሬ ፓምፖቹን የሚያዝ መቆጣጠሪያ ፍጥነታቸውን በየቅጽበቱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ከሁሉም የሚያስገርመው ገንዳው በራሱ ምት ሲወዛወዝ ማየት ነው። እያንዳንዱ ገንዳ የራሱ ምት አለው። ርዝመቱ 120 ሴንቲሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 50 ሴንቲሜትር በሆነ ገንዳ ውስጥ ውኃው ደርሶ የሚመለሰው በ1.3 ሰከንድ ገደማ ነው። ፓምፑ በዚሁ ምት ሲበራና ሲጠፋ አንድ አነስተኛ ፓምፕ የገንዳውን ውኃ በሙሉ ያወዛውዘዋል። በሁለቱ ጫፎች ውኃው ሽቅብ ቁልቁል ይላል፤ መካከል ላይ ግን ወደ ጎን ይመላለሳል። ለስላሳ ኮራሎች አንድ ላይ ጎንበስ ቀና የሚሉት እዚህ መካከል ላይ ነው። ታዲያ ይህ ውዝዋዜ የመስታወቱን መጋጠሚያና የጠረጴዛውን እግር ስለሚፈትን፣ መቆሚያው ጠንካራ ካልሆነ ባይሞከር ይሻላል።

ምን ያህል ፓምፕ ይበቃል ለሚለው፣ አርቢዎች በሰዓት የሚገፋውን ውኃ ለገንዳው መጠን አካፍለው ይገምታሉ። ለለስላሳ ኮራሎች ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ ቅርንጫፍ ለሚያወጡትና ትናንሽ ፖሊፕ ላላቸው ጠንካራ ኮራሎች 40 እጥፍና ከዚያ በላይ ይባላል። ባለ 300 ሊትር ገንዳ ከሆነ በሰዓት ከ3,000 እስከ 12,000 ሊትርና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ይህን ከአንድ ፓምፕ ከማውጣት ለሁለት ከፍሎ በሁለቱ ጎኖች ማስቀመጥና በተራ ማሠራት ይመረጣል። ከውኃው ገጽ አጠገብ የተተከለው ገጹን ስለሚያናውጥ ኦክስጅን ያስገባል።

የቀረውን ኮራሉ ራሱ ይናገራል። ፖሊፖቹ ተዘርግተው በየአቅጣጫው ከተወዛወዙ ደኅና ነው። በአንድ ጎን ተጣጥፈው ከቀሩ ወይም አሸዋው ጉድጓድ ከሠራ ፍሰቱ በርትቷል፤ በቅርንጫፎቹ መካከል አቧራ ከተኛ ደክሟል። ፕሮፔለሩ ላይ የሚጋገረውን ኖራ በየጥቂት ወሩ በኮምጣጤ ማጽዳት ያስፈልጋል። መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ ቢያንስ ለአንዱ ፓምፕ ባትሪ ማዘጋጀት ግድ ነው፤ ብርሃን ለአንድ ቀን ቢቋረጥ ኮራሉ ይችለዋል፣ ውኃው ለሰዓታት ከቆመ ግን ዓሣውም ኮራሉም ታፍነው ይሞታሉ።

ስለዚህ ገንዘብዎ ለአንድ ውድ ኮራልና ለሁለተኛ ፓምፕ በአንድ ጊዜ ካልበቃ፣ መጀመሪያ ፓምፑን ይግዙ።