አንድ ብቻ፣ ትርፍ የለም! ፎቶንን ነጥላ የምትለቅ ቅንጣትና የመልዕክታችን ምስጢር

መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችኋል እንበል። ሁሉም ስልኩ ላይ ነው፤ አንዱ ብር ይልካል፣ አንዷ ለጓደኛዋ ትጽፋለች። ከእጃችሁ የወጣው መልዕክት መንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚጠብቀው ቁልፍ ነው፤ በከባድ ሂሳብ የተሠራ ቁልፍ። የዛሬ ኮምፒውተሮች ይህን ሂሳብ መፍታት አልቻሉም።

ችግሩ ነገ ነው። ጠንካራ የኳንተም ኮምፒውተር ከተሠራ ዛሬ በስፋት ከምንጠቀምባቸው ቁልፎች የተወሰኑትን ይከፍታል። ስለዚህ የተቆለፈውን መልዕክት አሁን ሰርቆ አስቀምጦ፣ ከዓመታት በኋላ የሚከፍት ሊኖር ይችላል።

ሁለት መፍትሔዎች እየተሠሩ ነው። አንደኛው አዲስ ሂሳብ ነው፤ አሜሪካ በ2024 የመጀመሪያዎቹን መስፈርቶች አውጥታለች (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሁለተኛው ቁልፉን በብርሃን መላክ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለዚህኛው ነው።

▪️ ቁልፍ በብርሃን እንዴት ይላካል?

የብርሃን ትንሿ ቅንጣት ፎቶን ትባላለች። አንድ ፎቶን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎን ወይም አጋድላ ልትርገበገብ ትችላለች። ላኪው በዚህ አቅጣጫ 0 እና 1ን ይጽፋል።

ሌባ መሃል ገብቶ ሊያነባት ቢሞክር በየትኛው አቅጣጫ መለካት እንዳለበት አያውቅም። ሲሳሳት ፎቶኗን ይቀይራታል። ኮፒ ላድርጋት ቢልም የተፈጥሮ ሕግ አይፈቅድለትም። ሁሉንም እየያዘ በራሱ ከተካ፣ ላኪና ተቀባይ ሲያመሳክሩ ወደ 25 በመቶ ስህተት ያገኛሉ። ያን ቁልፍ ጥለው ሌላ ይጀምራሉ። ሐሳቡን በ1984 ያወጡት ቻርልስ ቤኔትና ዢል ብራሳር ናቸው።

ልብ በሉ! ዘዴው ሌባው እንዳይሞክር አያደርግም። መሞከሩን ግን ያጋልጣል።

▪️ ታዲያ ሌዘር አደብዝዞ መላክ አይበቃም?

እስካሁን በብዛት የሚሠራው እንደሱ ነው። ግን ሌዘር ፎቶን አይቆጥርም። ለ10 ብልጭታ በአማካይ 1 ፎቶን እስኪሆን ብናደበዝዘው፣ ከ1,000 ብልጭታ 905 ያህሉ ባዶ ይሆናሉ። 90 ያህሉ አንድ ፎቶን ይይዛሉ። 5 ያህሉ ግን ሁለትና ከዚያ በላይ ይዘው ይወጣሉ።

ረዳቱ ሰው ሳይቆጥር እንደሚነሳ ታክሲ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይሄዳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ትርፍ ይጭናል። ሌባው የሚፈልገው ትርፏን ነው። እሷን ለራሱ ያስቀርና ሌላዋን ያሳልፋል፤ ስህተትም አይታይም። የብልጭታውን ድምቀት እየቀያየሩ ይህን ማጋለጫ ዘዴ አለ። ከሥሩ የሚፈታው ግን የብርሃን ምንጩ ራሱ አንድ አንድ ቢለቅ ነው።

▪️ ኳንተም ዶት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው

የስልካችን ቺፕ ከሴሚኮንዳክተር ነው የሚሠራው። ጋሊየም አርሰናይድ በሚባል ሴሚኮንዳክተር ላይ ኢንዲየም አርሰናይድ የሚባል ሌላ በስሱ ሲደረብ፣ አተሞቻቸው ልክ በልክ ስለማይገጥሙ የላይኛው ንብርብር እብጠት እብጠት ይሠራል። የእያንዳንዷ ስፋት በአስር ቤት የሚቆጠር ናኖ ሜትር ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ደግሞ 1,000,000 ናኖ ሜትር ነው። እነዚህ እብጠቶች ናቸው ኳንተም ዶት የሚባሉት።

ቦታው በጣም ጠባብ ስለሆነ ኤሌክትሮኖች በተወሰኑ ደረጃዎች ላይ ብቻ ይቀመጣሉ። በትክክል በተመረጠ ሌዘር ስትመታ አንድ ኤሌክትሮን ወደ ላይ ይዘላል። ሲመለስ ጉልበቱን በአንድ ፎቶን ይለቃል። ሌላ ፎቶን ከፈለጋችሁ እንደገና መምታት አለባችሁ። ወንበሩ አንድ ነው፣ ትርፍ የለም።

አንድ ብቻ መሆኗ በምን ይታወቃል? ብርሃኑ ግማሹን በሚያሳልፍ ግማሹን በሚመልስ መስታወት ላይ ይላካል፤ በሁለቱም በኩል መቁጠሪያ አለ። አንዲት ፎቶን ለሁለት ስለማትከፈል ሁለቱ መቁጠሪያዎች በአንድ ጊዜ አይቆጥሩም። በ2000 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንታ ባርባራ የነበሩ ተመራማሪዎች ይህን በኳንተም ዶት አሳይተዋል።

ስሙ አዲስ አይምሰላችሁ። ሱቅ ውስጥ የምታዩአቸው "ኪው-ኤል-ኢ-ዲ" ቴሌቪዥኖች በሌላ መንገድ የተሠሩ ኳንተም ዶቶች አሏቸው። የ2023 የኬሚስትሪ ኖቤልም ለኳንተም ዶት ነው የተሰጠው። ቴሌቪዥኑ ግን እልፍ አእላፍ ዶቶችን አንድ ላይ ያበራል፤ እዚህ የሚፈለገው አንዷን ለብቻዋ ማናገር ነው።

▪️ ለምን እስካሁን ኪሳችን አልገባም?

1. ብርድ ትፈልጋለች። እነዚህ ዶቶች በደንብ የሚሠሩት ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው።
2. ብርሃኑ ቁሱ ውስጥ ይታሰራል። ካልታገዘ ጥቂቱ ብቻ ነው የሚወጣው። ለዚህ ዶቷን በመስታወት መሰል ንብርብሮች መሃል ያስቀምጧታል።
3. ዶቶቹ እኩል አይወጡም። መጠናቸው ትንሽ ሲለያይ የብርሃናቸው ቀለምም ይለያያል።

▪️ እኛስ የት ነን?

ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶ/ር ሰለሞን አሰፋ በዚሁ ሰፈር ሠርቷል። አይቢኤም እያለ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ቺፕ ላይ ብርሃን የሚቀበል የጀርማኒየም መሣሪያ ሠርቶ፣ በ2010 "ኔቸር" መጽሔት ላይ ወጥቶለታል። ነጠላ ፎቶን ባይሆንም ብርሃንንና ቺፕን የማገናኘት ሥራ ነው።

በአፍሪካም ተሞክሯል። በ2025 ይፋ በሆነ ሥራ አንዲት የቻይና ትንሽ ሳተላይት፣ 12,900 ኪሎ ሜትር በሚራራቁት በቻይናና በደቡብ አፍሪካዋ ስቴለንቦሽ መካከል ቁልፍ አድርሳለች። የተጠቀመችው ግን የደበዘዘ ሌዘር ነው፤ ኳንተም ዶት ገና ወረፋ ላይ ነው።

ከመገናኛ ወደ ሰሜን ቀና በሉና እንጦጦን እዩ። እላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። በዲሴምበር 2019 የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን የመሬት ጣቢያም እዚያው ነው። ለኳንተም የተሠሩ አይደሉም። ግን ከሰማይ የሚመጣ ደካማ ብርሃን መሰብሰብን የሚያውቁ ሰዎች የሚወጡት እንዲህ ካለ ቦታ ነው። ፊዚክስ የምትማሩ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። "የማይሰበር ቴክኖሎጂ" ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ። ይህ ዘዴ የሚጠብቀው ቁልፉን መንገድ ላይ ነው። "ሽልማት ደርሶዎታል" ብሎ ለደወለ ሰው ፒናችሁን ራሳችሁ ከነገራችሁት፣ ፎቶኗ አንድም ትሁን ሺህ አታድናችሁም። ፒናችሁን ለማንም አትስጡ!