ዘግይቶ የሚገለጥ ሕመምና የይርጋ ሕግ

ሰው በመኪና ተገጭቶ አጥንቱ ሲሰበር ጉዳቱ፣ አድራሹና ዕለቱ በአንድ ጊዜ ይታወቃሉ። መርዛማ ብናኝና ኬሚካል የሚያስከትሉት ሕመም ግን እንዲህ አይደለም። አዝቤስቶስ የተባለውን ማዕድን ብናኝ የሳበ ሠራተኛ፣ ሜሶቴሊዮማ የተሰኘው ነቀርሳ የሚገለጥበት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። በዚህም ምክንያት ካሣ ጠያቂውን ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል፦ ክሱ በይርጋ አይታገድም ወይ? ሕመሙን ያመጣው ተከሳሹ ለመሆኑስ ማስረጃው ምንድን ነው?

የመጀመሪያውን ጥያቄ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1949 መርምሮታል። ከሳሹ 30 ዓመት ያህል በእንፋሎት ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ሆኖ ሲሠራ፣ የሲሊካ ብናኝ ሳንባውን የጎዳው ሰው ነበር። ተከሳሹ ወገን፣ በሽታው የጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት ስለሆነ የ3 ዓመቱ የክስ ጊዜ አልፏል ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን ሠራተኛው ሕመሙን ሳያውቅ መብቱን ሊያጣ አይገባም፤ ጊዜው የሚቆጠረው የተጠራቀመው ጉዳት በገሃድ ከታየ ወዲህ ነው ሲል ወሰነ።

ሁለተኛው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2002 በጊዜው የእንግሊዝ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ለነበረው ለሎርዶች ምክር ቤት ቀረበ። ሠራተኞቹ በተለያዩ አሠሪዎች ዘንድ ለአዝቤስቶስ ተጋልጠው ስለነበር፣ በሽታውን ያስከተለው የየትኛው አሠሪ ብናኝ እንደሆነ ሳይንስ ሊለይ አልቻለም። ዳኞቹም ግዴታውን ጥሶ የበሽታውን አደጋ በጉልህ የጨመረ አሠሪ ሁሉ ተጠያቂ ነው አሉ። አለዚያ አጥፊዎቹ ስለበዙ ብቻ ሁሉም ነፃ በወጡ ነበር።

ይህ ክርክር የአገራችንንም ሕግ ይነካል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069፣ በመርዛማ ነገር ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ቁጥር 2143 ደግሞ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። እንግዲህ ጉዳት «ደረሰ» የሚባለው መቼ ነው? መርዙ ወደ ሰውነት የገባ ዕለት ነው ከተባለ፣ አንዱ አንቀጽ የሰጠውን ሌላው ይነሣል። ሕመሙ የተገለጠ ዕለት ነው ከተባለ ግን ሁለቱ ይስማማሉ። ፋብሪካና የተባይ መርዝ በሚስፋፋበት አገር፣ ይህን አንድ ቃል መተርጐም የብዙ ሕመምተኞችን መብት መወሰን ነው።