ድምፅና ደረጃ፤ የሎንዶን የሙዚቃ ጋዜጦችና ዳስቲ ስፕሪንግፊልድ



ማታ ከሥራ በኋላ ራዲዮ ከፍታችሁ የውጭ አገር ዘፈን ስታዳምጡ፥ አስተዋዋቂው «ይህ ዘፈን በእንግሊዝ አገር ሁለተኛ ደረጃ ያገኘ ነው» ሲል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ነገር ግን ይህ ደረጃ የሚባለው ከየት እንደሚመጣ፥ ማን እንደሚወስነው፥ ስለ ዘፋኙም ችሎታ በእውነት የሚነግረን ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በዛሬው ንግግራችን ይህንኑ ጉዳይ በአንዲት እንግሊዛዊት ድምፃዊት ታሪክ ለማስረዳት እንሞክራለን። ስሟ ዳስቲ ስፕሪንግፊልድ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

በሎንዶን ከተማ ስለ ሙዚቃ ብቻ የሚጽፉ ሳምንታዊ ጋዜጦች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ሽማግሌው በ1926 የተመሠረተው ሜሎዲ ሜከር ሲሆን፥ በመጀመሪያ የሚዘጋጀው ለዳንስ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ነበር። በ1952 ደግሞ ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ የሚባለው ብቅ አለ። የዚህ ጋዜጣ ሰው የነበረው ፐርሲ ዲኪንስ ወደ ሃያ ለሚሆኑ ሸክላ ሻጮች ስልክ እየደወለ «በዚህ ሳምንት በብዛት የሸጣችሁት የትኛውን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ደምሮ በኖቬምበር 14 ቀን 1952 የመጀመሪያውን የደረጃ ሰንጠረዥ አወጣ። አሥራ ሁለት ደረጃዎች ብቻ ነበሩበት። እንግዲህ ያ ሁሉ ወጣት በየሳምንቱ የሚጠብቀው ደረጃ የተወለደው ከጥቂት የስልክ ጥሪዎች ነው። ኋላም ሌሎቹ ጋዜጦች የየራሳቸውን ሰንጠረዥ ስላወጡ፥ አንድ ዘፈን በአንድ ሳምንት በአንዱ ጋዜጣ አንደኛ፥ በሌላው ሦስተኛ ሊሆን ይችል ነበር። የጸና አንድ የጋራ ሰንጠረዥ የተገኘው ገና በ1969 ነው።

ከሰንጠረዡ ሌላ የአንባብያን ምርጫ የሚባልም ነበረ። አንባቢው በጋዜጣው ላይ የታተመውን ወረቀት ቆርጦ፥ የወደደውን ዘፋኝ ስም ሞልቶ በፖስታ ይልካል፤ የተመረጡትም በዌምብሌይ አዳራሽ ተሰብስበው ይዘፍናሉ።

አሁን ወደ ድምፃዊቷ እንመለስ። ዳስቲ ከአይርላንድ ወገን ከሆኑ የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ ወላጆች በሎንዶን በ1939 ተወለደች፤ የቤት ስሟም ሜሪ ኦብራየን ነበር። ከወንድሟ ጋር ስፕሪንግፊልድስ በተባለ ቡድን ስትዘፍን ከቈየች በኋላ፥ በ1963 መጨረሻ ለብቻዋ ሆና የመጀመሪያ ሸክላዋን አወጣች፤ ሸክላውም አራተኛ ደረጃ ደረሰ። በ1966 ደግሞ ከኢጣልያንኛ ዜማ የተወሰደ ዘፈን ዘፍና በአገሯ አንደኛ ሆነች። በጋዜጦቹ ምርጫም ከሴቶች ዘፋኞች ግንባር ቀደም ሆና በተደጋጋሚ ተመረጠች።

ጋዜጦቹ ስለ እርሷ ብዙ ጻፉ። ይሁን እንጂ ከጻፉት ውስጥ ከፍተኛውን ቦታ የያዘው ከፍ ብሎ ስለተሠራው ጠጕሯና ስለ ዐይኗ ኵል ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። በሥራ ላይ ግን እጅግ ጠንቃቃ ነበረች። በስቱዲዮው የሚሰማው የድምፅ አስተጋብኦ ካላረካት ወጥታ በሕንፃው የደረጃ መውጫ ላይ ቆማ እስከ መዝፈን ትደርስ ነበር፤ አንዱን ዘፈን ደጋግማ ደጋግማ ታስቀዳለች። ሸክላዎቿን በማቀናበር ዋናውን ድካም የምትደክመው ራሷ ስትሆን፥ በሸክላው ላይ በአቀናባሪነት የሚታተመው ግን የኩባንያው ሰው ስም ነበረ። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ በወንድ ሲያዩት ጥበብ፥ በሴት ሲያዩት ግን አስቸጋሪነት ብለው የሚጽፉ አልጠፉም። ይህን የመሰለ ሚዛን በየመሥሪያ ቤቱም አይታጣምና አንባቢ ሳይረዳው አይቀርም።

የዳስቲ ሙዚቃ ምን ዓይነት ነው? ሶል የሚባለው አዘፋፈን የጥቁር አሜሪካውያን ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መዝሙራቸው ከዳንስ ዜማቸው ጋር ተዋሕዶ የወለደው ማለት ነው። ዘፋኙ ቃሉን እንደ ተጻፈ አይለውም፤ ያዘገየዋል፥ ይሰብረዋል፥ ከልቡ እንደሚወጣ ጩኸት ያደርገዋል። ዳስቲ ይህን ተምራ ከእንግሊዝ ቀለል ያለ ዘፈን ጋር አስማማችው፤ የተማረችባቸውንም ሰዎች አልደበቀችም። በ1965 የሞታውን ኩባንያ ጥቁር ዘፋኞች ወደ ሎንዶን በመጡ ጊዜ፥ በቴሌቪዥን የተዘጋጀላቸውን ልዩ ትርኢት መርታ ለአገሯ ሕዝብ ያስተዋወቀቻቸው እርሷ ነበረች።

ከዚያም በፊት፥ በ1964 በወርኀ ዲሴምበር፥ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዳ ነበር። ነጭና ጥቁር ተለያይቶ በሚቀመጥበት አዳራሽ እንደማትዘፍን በውሏ ውስጥ አስጽፋ ነበርና፥ በኬፕታውን አጠገብ ሳይለያዩ ለተቀመጡ ተመልካቾች ዘፈነች። የአገሩ መንግሥት ሐሳቧን እንድትለውጥ ቢጠይቃት እምቢ አለች፤ ከአገርም አስወጣት። ጋዜጦቹ ወሬውን በሰፊው አወሩት፤ ከሙያ ባልደረቦቿ አንዳንዶቹም የሌላውን እንጀራ ዘጋች ብለው ነቀፏት። በዚህ ጸሓፊ አስተያየት፥ በዚያ ዘመን ስለ ዳስቲ ከታተመው ሁሉ ሊነበብ የሚገባው ይኸኛው ወሬ ነው፤ በሰንጠረዥ ላይ ግን ለእንዲህ ያለው ሥራ የተመደበ ደረጃ አልነበረም።

አሁን ወደ ጉዳያችን ዋና ነገር ደርሰናል። በ1968 ዳስቲ ወደ አሜሪካ ተሻግራ፥ የሶል ሙዚቃ ከሚሠራባቸው ከተሞች አንዷ በሆነችው በሜምፊስ፥ በአሜሪካን ሳውንድ ስቱዲዮ አንድ ረዥም ሸክላ ጀመረች። አቀናባሪዎቹ ጄሪ ዌክስለር፥ ቶም ዳውድና አሪፍ ማርዲን ነበሩ። የምታደንቃቸው ታላላቅ ዘፋኞች ባለፉበት ቦታ መቆሙ ስላስጨነቃት፥ በሸክላው ላይ የምንሰማው ድምፅዋ በኋላ በኒውዮርክ የተቀዳ ነው። ከዚህ ሥራ «ሰን ኦቭ ኤ ፕሪቸር ማን» የተባለው ዘፈን ለብቻው ወጥቶ በእንግሊዝ ዘጠነኛ፥ በአሜሪካ አሥረኛ ሆነ። በ1969 የወጣው ረዥም ሸክላ «ዳስቲ ኢን ሜምፊስ» ግን በአሜሪካ ከ99ኛ ደረጃ ከፍ ማለት ሳይችል ቀረ፤ በእንግሊዝም ሰንጠረዥ ከነጭራሹ አልገባም።

ያን ጊዜ በአሜሪካ ሮሊንግ ስቶን የተባለ፥ በ1967 የተቋቋመ ጋዜጣ ነበረ፤ ከሽያጩ ይልቅ የሙዚቃውን ይዘት የሚመረምሩ ጸሓፊዎችን ያሠራ ነበር። ከእነርሱም አንዱ ግሬል ማርከስ ያንን ሸክላ አዳምጦ በ1969 መጨረሻ ገደማ አሞገሰው። የገበያው ፍርድ ግን አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር፤ ሸክላ በታተመበት ሰሞን ካልተሸጠ ሻጩ ከመደርደሪያው ያነሣዋልና።

በቀጣዩ ዓመት፥ በ1970፥ ዳስቲ ኢቭኒንግ ስታንዳርድ ለተባለው የሎንዶን ዕለታዊ ጋዜጣ ስለ ግል ሕይወቷ ስትጠየቅ፥ ልቧ በወንድ እንደሚማረክ በሴትም ሊማረክ እንደሚችል ሳትሸሽግ ተናገረች። በዚያ ዘመን አንድ ታዋቂ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ አይናገርም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠያቂዎቿ ከዘፈኑ ይልቅ ይህንኑ ማነፍነፍ ወደዱ። እርሷም ወደ አሜሪካ ሄዳ ኖረች፤ በዚያም ያወጣቻቸው ሸክላዎች ብዙ አልተሸጡም። በሽያጭ ሲመዝኗት የነበሩ ጋዜጦችም ሽያጩ ሲያንስ ዝም አሉ፤ በራሳቸው ሚዛን ከሄድን አልተሳሳቱም። ድምፅዋ ግን ያው ነበረ።

የመመለሻው መንገድ በወጣቶች በኩል መጣ። በ1987 ፔት ሾፕ ቦይስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን አብራቸው እንድትዘፍን ጠሯት፤ ዘፈኑም በእንግሊዝም በአሜሪካም ሁለተኛ ሆነ። በ1994 የሰባኪው ልጅ ዘፈን «ፐልፕ ፊክሽን» በተባለ ፊልም ውስጥ ስለ ገባ፥ ከዚያ በፊት ስሟን ሰምቶ የማያውቅ ትውልድ ሰማው። ሮሊንግ ስቶን በ2003 ከሁሉ የበለጡ ያላቸውን 500 ረዥም ሸክላዎች በተራ ሲዘረዝር፥ ያን በ99ኛ ደረጃ የቀረውን ሥራ በ89ኛው ቦታ አስቀመጠው። በ2020 ደግሞ የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለዘለቄታው ተጠብቀው እንዲቈዩ ከመረጣቸው የድምፅ ቅጂዎች ጋር መዘገበው።

ዳስቲ ግን የመጨረሻውን አላየችም። የጡት ነቀርሳ ሕመም ጸንቶባት ስለ ነበር፥ መንግሥቷ የሸለማት ኒሻን የተሰጣት በሆስፒታል ሳለች ነው። በማርች 2 ቀን 1999 በ59 ዓመቷ ዐረፈች። በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስሟ እንዲገባ አስቀድሞ ተወስኖ ነበርና፥ በዚያው ወር፥ ከሞተች ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፥ ኤልተን ጆን በሥነ ሥርዓቱ ላይ ቆሞ ስለ እርሷ ተናገረ።